ቀነፋ

ልጄን በወለድሁ በአምስተኛው ቀን የግቢያችን ሴቶች ገንፎ ሊያበሉኝ ተሰበሰቡ። የባንክ ሥራ ካደግሁባት ከደብረ ማርቆስ ነቅሎ ሮቤ ካመጣኝ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። እናቴ ጉልበቷን ታማ መንገዱን አልቻለችም። ባለቤቴም የፈቃድ ቀኖቹን ጨርሶ ወደ ሥራው ተመልሷል፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ሲሰጥ ለአባት የሚሰጠው 3 ቀን ነውና። ሮቤ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ጠዋቷ አያድርስ ነው። በዚያ ብርድ ውስጥ ከአንድ ሕፃን ጋር ብቻዬን ቀርቼ ሳለ ነው እነርሱ በሩን ገፍተው የገቡት።

አንዷ ገበያ ላይ ገብስ ትቸረችራለች። አንዷ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። አንዷ እንደ እኔ አራስ የሆነች፣ ሃያ ዓመት ያልሞላት ልጅ ነበረች፤ ሕፃኗን አዝላ መጣች። ሁሉንም የሚያዝዙት ደግሞ ሁላችንም «አዴ» እያልን የምንጠራቸው የቤቱ ባለቤት ናቸው። ክርስቲያኖቹ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሉኝ፤ አዴና ሌሎቹ ሙስሊሞች «እንኳን አላህ በሰላም ገላገለሽ» አሉኝ። ገንፎው አገሬ ከማውቀው አይለይም፤ የገብስ ነው፣ መካከሉ ተጎድጉዶ ቅቤ ፈስሶበታል፤ ስሙ ብቻ ማርቃ ነው። ቀኑም ስም አለው፤ ሸነን ይባላል። በኦሮምኛ ሸን ማለት አምስት ነው።

አዴ ወገቤን በነጠላ አጥብቀው ካሰሩልኝ በኋላ ግንባሬን በአውራ ጣታቸው ነካ አድርገው፣ «ድሮ ቢሆን እዚህ ላይ ቀነፋ ታስሪ ነበር» አሉኝ። ቃሉን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። የወሊድ ፈቃዴን ግማሽ ያህል የበላው ይህ አንድ ቃል ነው፤ ሕፃኑ ሲተኛ በስልኬ እያነበብሁ፣ ሲነቃ አዴን እየጠየቅሁ።

ቀነፋ በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ የወለደች ሴት በግንባሯ ላይ የምታስረው ትንሽ የእንጨት ቁራጭ ነው፤ በጠፍር ይያዛል። (አርሲ ስል ዛሬ በዚህ ስም የሚጠራውን ዞን ብቻ ማለቴ አይደለም። የባሌ ደጋ ኦሮሞ አብዛኛው በትውልድ አርሲ ነው።) ሴቲቱ ከወለደች በኋላ ለወራት ታስረዋለች። ውኃ ስትወርድ፣ ገበያ ስትሄድ፣ ያያት ሁሉ ይህች ሴት አራስ መሆኗን ያውቃል። እስከዚህ ድረስ ጌጥ ይመስላል፤ ነገሩ ግን ሕግ ነው። ቀነፋ ያሰረች ሴት «ወዩ» ናት። ወዩን በአንድ የአማርኛ ቃል መመለስ ይቸግራል። ክብር አለበት፣ ፍርሃት አለበት፣ አትንካ የሚል ወሰን አለበት፤ ታቦት ሲያልፍ ባለበት የሚቆም ሰው ውስጥ ያለው ስሜት ይቀርበዋል መሰለኝ። አማትና አማች እርስ በርሳቸው ወዩ ናቸው፤ እናት ወዩ ናት። አራስ ደግሞ ቀነፋውን እስክትፈታ ድረስ ለባሏ እንኳ ወዩ ናት። እጁን ቢያነሣባት የደፈረው ሚስቱን ብቻ አይደለም።

እዚህ ላይ ሲንቄ ይመጣል። ሲንቄ እናት ለልጇ በሠርጓ ቀን የምትሰጣት ቀጭን፣ ቀጥ ያለች ዘንግ ናት። ሙሽራዋ ከእናቷ ቤት ይዛት ትወጣለች፤ በባሏ ቤትም የእርሷ ብቻ ሆና ትቀመጣለች። ቀነፋ ያሰረች ሴት ስትመታ ሴቶች እሪ ይላሉ። ይህ እሪታ እንደ ሌላው ኡኡታ አይደለም፤ የሰማች ባለትዳር ሁሉ የያዘችውን ሥራ ጥላ፣ ሲንቄዋን ይዛ መውጣት አለባት። «አለባት» የሚለው ቃል ይሠመርበት። ትወጣለች የሚባለው ደግ ስለሆነች ወይም የተመታችው ዘመዷ ስለሆነች አይደለም። የወጡት ሴቶች በአንድ ላይ ሆነው ወደ አጥፊው ደጅ ይሄዳሉ፤ ነገሩ ካልተፈታም ቤታቸውን ትተው ከዛፍ ሥር ይሰፍራሉ። እነርሱ ሳይመለሱ መንደሩ ምን እንደሚመስል ማሰብ ነው፤ እሳት የለ፣ ወተት የለ፣ ልጅ የሚይዝ የለ። ሽማግሌዎች ይለምኗቸዋል። አጥፊው ይቅርታ ይጠይቃል፣ ከብት ያርዳል። እነርሱ ካልመረቁት ደግሞ ነገሩ አይዘጋም፤ ከሽማግሌ እርግማን ይልቅ የሚፈራው የሴቶቹ እርግማን ነው። ሁለት ወገኖች ተሰልፈው ሊዋጉ ሲሉም ሲንቄ የያዙ ሴቶች በመካከል ከቆሙ ጦር አይወረወርም።

ስለዚህ ሥርዓት ብዙ ተጽፏል። እንግሊዛዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ፖል ባክስተር ስለ አርሲ ሴቶች የአቴቴ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1979 አንድ ጽሑፍ አሳትመዋል። ጋዜጠኛ የነበሩትና በደርግ ዘመን ለዓመታት የታሰሩት ኩዌ ኩምሳ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1997 ሲንቄን እንደ ሙሉ የሴቶች ተቋም አድርገው ጻፉ። ኖርዌያዊቷ ማሪት ቶሎ ኦስተቦም ወዩን ከሴቶች መብት ጋር አያይዛ አጥንታለች። አቴቴ ስል የአማርኛ አንባቢዬ ግንባሩን ሳይቋጥር አልቀረም፤ እኛ ዘንድ አቴቴ ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ጨሌና ዛር ነውና። እኔም እንዲያው ነበር የማስበው። አዴ የነገሩኝ አቴቴ ግን ሌላ ነው። ሴቶች ሰብሰብ ብለው፣ ሲንቄያቸውን ይዘው፣ መካን የሆነችውን ልጅ እንድታገኝ፣ ነፍሰ ጡሯን እንድትገላገል፣ ድርቅ ሲሆን ዝናም እንዲመጣ ፈጣሪን በዜማ የሚለምኑበት ነው። ሲንቄ ይዞ ለጸሎት የሚወጣውና ሲንቄ ይዞ ለፍርድ የሚወጣው አንድ ጉባኤ ነው።

ያደግሁበትን አገር ከዚህ ጋር ማስተያየቴ አልቀረም። በጎጃም አራስ ብቻዋን አትተውም። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሡ ድረስ ጠያቂ አይቋረጥም፤ አጥሚቱ፣ ተልባው፣ ዶሮው በየተራ ይመጣል። ሌላውም ዓለም ይህን ያውቃል። ቻይናውያን እናቲቱን አንድ ወር ያስተኟታል፤ በሜክሲኮ የአራስነቱ ጊዜ ስሙ ራሱ «አርባ ቀን» ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1956 በኢሊኖይ ሰባት እናቶች ጡት በማጥባት እርስ በርስ ለመረዳዳት ሲሉ የመሠረቱት ላ ሌቼ ሊግ ከዚያ ወዲህ ዓለም አቀፍ ማኅበር ሆኗል። ማብላቱ፣ ማሳረፉ፣ ምክሩ በሁሉም ዘንድ አለ። እኛ አገር አራሷ ብትመታ ግን ምን ይሆናል? ወንድሟ ይቆጣል፤ አባቷ ሽማግሌ ይልካል፤ ወይም እናቷ «ቻይው» ትላታለች። እነዚያ ገንፎ ይዘው የመጡት ሴቶች በዚህ ነገር ውስጥ ሥልጣን የላቸውም። የባሌ እናቶች ገንፎውንም ፍርዱንም የያዙት በአንድ እጅ ነው፤ የሚበልጡንም በዚህ ይመስለኛል። የመንግሥት ሕግ በትዳር ውስጥ የሚፈጸምን ድብደባ ለይቶ ወንጀል ያደረገው በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ፣ በአንቀጽ 564 ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ወዴት ሄደ? ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በባሌ የተስፋፋው የእስልምና ተሐድሶ አቴቴን ከሃይማኖት ውጭ የሆነ ልማድ አድርጎ አየው፤ ብዙ ሴቶችም ተዉት። ከኦጋዴን ጦርነት በኋላ የመንደር ምሥረታ ቀድሞ ከተጀመረባቸው አገሮች አንዷ ባሌ ነበረች፤ በየጎጡ ተበታትኖ ይኖር የነበረው ሰው በመስመር ሰፈረ። አዴ ግን የሚሉት ሌላ ነው። «ከተማ ስንገባ ሴቱ ከየአገሩ ሆነ፤ ለማን ትጮሂለታለሽ?» ይላሉ። የገዳ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች መዝገብ ሲሰፍር ሲንቄም ስሙ አብሮ ተነሥቷል፤ በበዓላትም ላይ ዘንጓን የያዙ ሴቶች ሲሰለፉ በቴሌቪዥን እናያለን። ቀነፋን ግን በሮቤ ጎዳና በማንም ሴት ግንባር ላይ አላየሁም።

ለዘመኑም ፍርድ ልስጥ። ድሮ ያልነበረ ነገር መጥቷል። የግቢያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ልጅነቷን ከጎባ ወጣ ባለ ገጠር ነው ያሳለፈችው፤ እናቷ ስድስቱንም የወለደችው ቤት ውስጥ ነው። በ1992 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2000) በተደረገው አገር አቀፍ የጤና ጥናት በጤና ተቋም የሚወልዱት ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ፤ ከ100,000 ወሊድ 871 እናቶች ይሞቱ ነበር። በ2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2016) ጥናት የሟቾቹ ቁጥር ወደ 412 ወርዷል፤ በ2011 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2019) ደግሞ በተቋም የሚወልዱት 48 ከመቶ ደርሰዋል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሴቶችን ወደ ሴቶች ቤት መላኩ፣ ጤና ጣቢያዎችም ለአራስ ገንፎ ማገንፋትና ቡና ማፍላት መጀመራቸው ለዚህ አግዟል። ይህም የሸነንን ቁም ነገር መረዳት ነው። እኔም ስወልድ ደም በዝቶብኝ ነበር፤ የዳንሁት በመርፌና በሐኪም እጅ ነው። ያን ሳስብ የድሮውን ብቻ እያሞገስሁ ለመጻፍ አፍራለሁ።

አሁን ሳላነሣው ላልፍ ያሰብሁትን ልናገር። ከሸነኑ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ ልጄን እያጠባሁ ሳለ ከጎን ክፍል ድምፅ ሰማሁ። ዕቃ ወደቀ። ቀጥሎ ያችው ወጣት አራስ ጮኸች፤ ሕፃኗም አብሮ ጮኸ። የተመታች መሆኗን ለማወቅ መገመት አያስፈልግም ነበር። መብራቱን አጠፋሁ። ለራሴም «የባልና ሚስት ነገር ነው፣ ነገ ይታረቃሉ» አልሁ። ልጅ ይዣለሁ፣ ብርድ ነው፣ ቋንቋውን በደንብ አላውቅም አልሁ። ከዚያ የአዴ በር ተከፈተ። አዴ ግቢው መካከል ሆነው ረዘም ያለ፣ ከእልልታም ከለቅሶም ያልሆነ ድምፅ አሰሙ፤ ዝም አሉ፤ ደግመው አሰሙ። ከእኛ ግቢ ማንም አልወጣም። ከመንገዱ ማዶ አንዲት ባልቴት ዘንጋቸውን እየመረኮዙ መጡ። ሁለቱ አሮጊቶች በሩን ሲመቱ፣ ልጅቱን ከነሕፃኗ ይዘው ሲወጡ በመስኮቴ አየሁ።

ልጅቱ አዴ ዘንድ አሥራ ሰባት ቀን ተቀመጠች። ከማግስቱ ጀምሮ ሁላችንም ምግብ ማመላለስ ጀመርን፤ እኔም ከሁሉ አብልጬ አመላለስሁ፤ ለምን እንደሆነ አንባቢ ያውቃል። ባልየው ሽማግሌ ይዞ ሲመጣ አዴ ከውጭ አግዳሚ ላይ አስቀምጠው ቡናቸውን እስኪጨርሱ ድረስ አላስገቡትም። ከዚያም ሽማግሌዎቹን ሳይሆን እኛን ሴቶቹን አንድ በአንድ «ትመለስ ወይስ አትመለስ?» ብለው ጠየቁን። ስምንት ዓመት ገንዘብ ስቆጥርና ፊርማ ሳመሳክር እንዲህ ያለ ጥያቄ ቀርቦልኝ አያውቅም። ልጅቱ ራሷ መመለስ ስለፈለገች ትመለስ አልን፤ እርሱም በአዴ ፊት ማለ፣ በግ አረደ። ከዚያ ወዲህ ከዚያ ክፍል ድምፅ አልሰማሁም።

ፈቃዴ አልቆ ወደ ባንክ ልመለስ ስል ልጄን የምትይዝልኝ እርሷ ሆነች። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አስረክባታለሁ፤ ምሳ ሰዓት ሮጬ መጥቼ አጠባለሁ። አንዳንድ ቀን ወረፋው በዝቶ ስዘገይ የእኔንም ልጅ አጥብታ አገኛታለሁ።

አንድ እሑድ ቡና ላይ አዴን ጠየቅኋቸው። ያን ሌሊት ለምን አልጠሩንም? አራት ሴቶች በአንድ ግቢ ውስጥ እያለን እንዴት ብቻዎን ወጡ?

ስኒውን አስቀመጡና አዩኝ። «ጠራሁ እንጂ» አሉ። «ሁለቴ ጠራሁ።»