ከካርቱም ሁለት እስከ መተማ፦ የነፍሰ ጡሮችና የሕጻናት ዓይን ጥበቃ

ካርቱም ሁለት ከሱዳን ዋና ከተማ አየር ማረፊያ በስተምዕራብ የሚገኝ ሰፈር ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በአገሪቱ ጦርና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ውጊያ ሲቀሰቀስ፣ አየር ማረፊያው ከመጀመሪያዎቹ የውጊያ ቦታዎች አንዱ ሆነ። የከተማዋ አብዛኞቹ የጤና ተቋማት ሥራ ሲያቆሙ የእርግዝና ክትትልና የሕጻናት ክትባትም አብረው ተቋረጡ።

የሕጻናት ዓይን ጤና በአብዛኛው የሚጠበቀው በዓይን ሐኪም ሳይሆን በእነዚህ ሁለት አገልግሎቶች ነው።

በእርግዝና ወቅት

በእርግዝና የመጨረሻ ወራት የእናት የቫይታሚን ኤ ፍላጎት ይጨምራል። ምግቧ በቂ ካልሆነ፣ ሲመሽ ማየት ሊሳናት ይችላል። ይህ ዳፍንት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት የቫይታሚን ኤ እጥረት በተስፋፋባቸው አካባቢዎች ለነፍሰ ጡሮች በቀን እስከ 10 ሺህ ዩኒት እንዲሰጥ ይመክራል። ለሕጻናት የሚሰጠውን ከፍተኛ መጠን ያለው እንክብል ነፍሰ ጡር መውሰድ የለባትም፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል።

ከአምስት ወር በኋላ የዓይን ብዥታ ወይም ብልጭታ ከብርቱ ራስ ምታት ጋር ከመጣ መንስኤው ዓይን ላይሆን ይችላል። ከእርግዝና ጋር የተያያዘ የደም ግፊት ምልክት ስለሆነ ለነገ የሚባል አይደለም።

ከወሊድ በኋላ

አራስ ሕጻን በወሊድ ወቅት ከእናቱ በሚተላለፍ ጨብጥ ዓይኑ ሊጠቃ ይችላል። ሕጻኑ እንደተወለደ አንድ ጊዜ የሚቀባ የቴትራሳይክሊን ቅባት ይህንን ለመከላከል ይረዳል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዓይኑ አብጦ መግል ከያዘ፣ በጡት ወተት ጠብታ ይድናል ብሎ መጠበቅ ዓይኑን ሊያሳጣ ይችላል።

በሱዳንም በኢትዮጵያም አራስን ኩል መኳል የተለመደ ነው። አንዳንዱ ኩል እርሳስ የተሰኘውን መርዛማ ብረት ስለሚይዝ ልማዱ ቢቀር ይሻላል።

ኩፍኝና ዓይን

ጦርነቱ በሕጻናት ላይ ያስከተለውን አደጋ ከኩፍኝ በላይ የሚያሳይ ጥቂት ነው። በአውሮፓውያኑ 2023 ከግንቦት አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ ድረስ፣ በነጭ አባይ ግዛት በሚገኙ ዘጠኝ የስደተኞች መጠለያዎች ከ1 ሺህ 200 በላይ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕጻናት በኩፍኝ በተጠረጠረ በሽታና በምግብ እጥረት መሞታቸውን የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አስታውቋል።

ኩፍኝ በሰውነት ውስጥ ያለውን ቫይታሚን ኤ ያሟጥጣል። አስቀድሞ በምግብ የተጎዳ ልጅ የዓይኑ ጥቁር ክፍል መሸፈኛ ይደርቃል፣ ይቆስላል፣ አንዳንዴም በጥቂት ቀናት ውስጥ ይበሳል። ስለዚህ ኩፍኝ የያዘው ልጅ ሁሉ በተከታታይ ሁለት ቀናት ቫይታሚን ኤ ሊሰጠው ይገባል። የዓይን ጉዳት ምልክት ካለው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት በኋላ ሦስተኛ ይጨመርለታል። ዓይን ውስጥ የባሕል መድኃኒት መጨመር ቁስሉን ያባብሳል።

እንክብል ግን ምግብን አይተካም። በካርቱምና በገዚራ ገጠሮች ወደ 29 ሺህ በሚጠጉ ሕጻናት ላይ ተካሂዶ በአውሮፓውያኑ 1992 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት፣ በእንክብሉ ምክንያት የሞት መጠን ሲቀንስ አላየም። በቫይታሚን ኤ የበለጸገ ምግብ በሚመገቡት ልጆች ዘንድ ግን ሞት ያነሰ ነበር። ሌሎች አገሮች የተካሄዱ ጥናቶች እንክብሉን ስለደገፉ ዛሬም ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ላሉ ሕጻናት ይሰጣል። ሆኖም ማንጎ፣ ዱባ፣ እንቁላልና ሱዳናውያን የሚወዱት ሙሉኪያ ቦታቸው የማይነካ ነው።

ቤት ውስጥ የሚታዩ ምልክቶች

በስልክ በተነሳ ፎቶ ላይ የልጁ የዓይን ብሌን ነጭ ሆኖ ከታየ የዓይን ሞራ ወይም የዓይን ካንሰር ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ሳይዘገይ ሊያየው ይገባል። አብሮት የተወለደ የዓይን ሞራ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ካልተነሳ፣ አንጎል በዚያ ዓይን ማየትን ሳይለምድ ይቀራል።

በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ የተሻገረች እናት ደግሞ የልጇ የክትባት ካርድ ካርቱም ቢቀርም ይህንኑ ለጤና ባለሙያው ብትነግር ይበቃል፤ መከተቡ ያልተረጋገጠ ልጅ ኩፍኝን ዳግም ቢከተብ አይጎዳም።