የአሰበ ተፈሪው መድፈኛና ሁለቱ አሲዶች

የጭሮን ከተማ አሰበ ተፈሪ ብለው የቆረቆሯት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ በእኛ በሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ዘንድ የሚታወቁት በ«ፋቡላ» ተውኔታቸው ነው። የተማሩት ሙያ ግን መድፈኝነት ነበር። ከዓድዋ በኋላ ገና በለጋ ዕድሜያቸው ወደ ሩሲያ ተሻግረው በፒተርስበርግ ሚኻይሎቭስኪ የመድፈኞች ትምህርት ቤት ገቡ። በዚያችው ከተማ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ሜንዴሌቭ ጢስ አልባ ባሩድ ሲያበጅ ነበር።

ጥቁሩን ባሩድ አባቶቻችን ያውቁት ነበር፤ ድኝና ከሰል ከአፈር ከሚነጠር ጨው ጋር ተወቅጦ ይሠራል፤ አሲድ አይሻም። ጢስ አልባው ግን፣ ሾንባይን እ.ኤ.አ. በ1846 ይፋ እንዳደረገው፣ ጥጥ በናይትሪክና በሰልፈሪክ አሲድ ድብልቅ ተነክሮ የሚገኝ ነው።

ሁለቱም ብርቱ አሲዶች ይባላሉ። አሲድ ማለት ፕሮቶኑን ለሌላ የሚሰጥ ነውና፣ በውኃ ሲበጠበጡ ውኃው ከናይትሪኩም ከሰልፈሪኩም (የዚህኛውን የመጀመሪያውን ፕሮቶን ማለቴ ነው) ሙሉ በሙሉ ለማለት በሚቻል መጠን ይቀበላል። ሃይድሮክሎሪክና ፐርክሎሪክም እንዲሁ ናቸው፤ በውኃ ፊት ማን ከማን እንደሚበልጥ አይለይም። ኮናንትና ሆል የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1927 ውኃውን ትተው በንጹሕ አሴቲክ አሲድ የመዘኗቸው ለዚህ ነው፤ ከእነዚህ ሁሉ ፐርክሎሪክ ይበልጣል።

በባሩዱ ድብልቅም ውኃው እጅግ ጥቂት ስለሆነ ብልጫው ይገለጣል። ሰልፈሪኩ ለናይትሪኩ ፕሮቶን ይሰጠዋል፤ ያ ብርቱ የተባለው ናይትሪክ እዚህ የቤዝን ሥራ ይሠራል። ፕሮቶኑን ተቀብሎ ውኃ ሲጥል ናይትሮኒየም ይሆናል፤ ጥጡን ወደ ባሩድ የሚለውጠውም ይህ ነው። የወጣውን ውኃ ደግሞ ሰልፈሪኩ ይመጥጠዋል። ስለዚህ ሰልፈሪክ አሲድ የሌለው አገር ጥይቱን ከባዕድ ይለምናል።

በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ሲወርረን ዳሎል ድኝ ነበረ፤ ጥጥም ነበረን። በመካከል የሚያስፈልገው አሲድ ግን አልነበረም። ጥይት የሚጠበቀው በጅቡቲው ባቡር፣ ከጨርጨር ደጋ ሥር አፍደምን፣ ሚኤሶንና አሰቦትን በሚያልፈው ሐዲድ ነበር። የአውሮፓ መንግሥታት የመሣሪያ ሽያጭ ከለከሉ፤ ክልከላው አሲዱ በእጁ የነበረውን ወራሪ ብዙም አልጎዳውም። ያን ጊዜ በጄኔቭ የኢትዮጵያ ልዑክ ሆነው የቆሙት እኒያው መድፈኛ ነበሩ።

ብዙ ዐሥርት ዓመታት ቆይቶ በአዋሽ መልካሳ የሰልፈሪክ አሲድ ፋብሪካ ቆመ፤ ከዚያ የሚወጣው አሉሚኒየም ሰልፌት የመጠጥ ውኃ ማጣሪያ ነው።