ጥፋቱ የእጅ ያልሆነ ስህተት፡- ለሞርስ ፓድል የሚሆን ቀላል ሰርኪዩት

አጎቴ በቴሌግራፍ ሠራተኛነት ለረጅም ዓመታት ያገለገሉ አዛውንት ናቸው፡፡ የድሮ ሙያቸውን እንዲያስታውሱበት ብዬ ሬዲዮ ላይ የማይወጣ፣ ድምፅ ብቻ የሚያሰማ የሞርስ መለማመጃ ገጣጥሜ ሰጠኋቸው፡፡ ሳምንት ሳይሞላ መለሱልኝ፡፡ «ኤስ ስመታ ኤች ይወጣል፡፡ ጥፋቱ ያንተ አይደለም፣ እጄ አርጅቷል» አሉኝ፡፡

ኤስ 3 ነጥብ፣ ኤች ደግሞ 4 ነጥብ ነው፡፡ እኔም ስሞክረው ትርፏ ነጥብ መጣች፡፡ እንግዲህ ያጠፋው የአጎቴ እጅ አልነበረም ማለት ነው፡፡ ተመሳሳይ ችግር ለሚገጥማችሁ አንባብያን መፍትሔውን እነሆ፡፡

ችግሩ ምንድን ነው?

ፓድል በጣት ወደ ጎን የሚገፉ ሁለት ማንሻዎች አሉት፤ አንዱ ነጥብ፣ ሌላው ሰረዝ ያዛል፡፡ ነጥቡንና ሰረዙን በልኩ የሚያወጣው ኪየር የተባለው መሣሪያ ነው፡፡ ማንሻው ሲገፋም ሆነ ሲለቀቅ ብረቶቹ በአንድ ጊዜ ተገናኝተው ወይም ተለያይተው አይቀሩም፡፡ ለጥቂት ሚሊ ሰከንድ ይነጥራሉ፡፡ ጣታችን ይህን አያውቀውም፤ ኪየሩ ግን በመልቀቂያው ላይ የመጣውን ንጥረት እንደ አዲስ ትዕዛዝ ሊቆጥረው ይችላል፡፡

በቅድሚያ በብረቶቹ መካከል ንጹህ ወረቀት እየሳብኩ አጸዳኋቸው፡፡ ስህተቱ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም፡፡ የማይክሮኮንትሮለሩን ፕሮግራም ማስተካከል ለሚችል ሰው ጥቂት መስመር ኮድ ይበቃው ነበር፡፡ የእኔ ኪየር ግን ተዘጋጅቶ የተገዛ በመሆኑ ወደ ሰርኪዩት ሄድኩ፡፡

አሠራሩ

የሚያስፈልጉት 74ኤችሲ14 የተባለው አይሲ፣ ሁለት ባለ 10 ኪሎ ኦም እና ሁለት ባለ 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች፣ እንዲሁም ሦስት ባለ 0.1 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተሮች ናቸው፡፡

የፓድሉን የጋራ ሽቦ ከግራውንድ ጋር ያገናኙ፡፡ የእያንዳንዱን ማንሻ ሽቦ በ10 ኪሎ ኦም ወደ 5 ቮልት፣ በ1 ኪሎ ኦም ደግሞ ወደ አይሲው መግቢያ ይውሰዱ፡፡ ከመግቢያው ወደ ግራውንድ አንድ ካፓሲተር ያድርጉ፡፡

ማንሻው ሲገፋ ካፓሲተሩ በ1 ኪሎ ኦሙ በኩል በፍጥነት ይራገፋል፡፡ ሲለቀቅ ግን በ11 ኪሎ ኦም በኩል ቀስ ብሎ ይሞላል፤ የጊዜ ልኩም 1.1 ሚሊ ሰከንድ ያህል ነው፡፡ ሳይሞላ ብረቱ ተመልሶ ከነካ እንደገና ይራገፋል፤ ስለዚህ ንጥረቱ ወደ ኪየሩ አያልፍም፡፡ አይሲው ሽሚት ትሪገር በመሆኑ ለመውጣትና ለመውረድ የተለያየ የቮልት ወለል ስላለው በዝግታ በሚለወጠው ቮልት አይወላውልም፡፡

አይሲው ምልክቱን ስለሚገለብጥ ሁለት ጊዜ እናሳልፈዋለን፡፡ ነጥቡ በእግር 1 ገብቶ፣ እግር 2ን ከ3 ጋር አገናኝተን በ4 ይወጣል፡፡ ሰረዙ በ13 ገብቶ፣ 12ን ከ11 ጋር አገናኝተን በ10 ይወጣል፡፡ ሥራ የሌላቸውን መግቢያዎች 5 እና 9ን ከግራውንድ ጋር ያስሩ፡፡ እግር 14 ከ5 ቮልት፣ እግር 7 ከግራውንድ ጋር ይያያዛል፤ ሦስተኛው ካፓሲተር በሁለቱ መካከል፣ ለአይሲው ቀርቦ ይቀመጣል፡፡

ጥንቃቄ

አይሲው የሚሠራው ከ2 እስከ 6 ቮልት በመሆኑ የ9 ቮልት ባትሪ በቀጥታ አይስጡት፡፡ መውጫውም በ5 ቮልት ለሚሠራ ኪየር እንጂ በቀጥታ ለማሠራጫ አይደለም፡፡ ንጥረቱ ካልጠፋ በማንሻዎቹ በኩል ያሉትን ካፓሲተሮች በ0.47 ማይክሮ ፋራድ ይለውጡ፤ የጊዜ ልኩ ወደ 5 ሚሊ ሰከንድ ይደርሳል፡፡ በደቂቃ 20 ቃል ሲላክ አንድ ነጥብ 60 ሚሊ ሰከንድ፣ በ30 ቃል ደግሞ 40 ሚሊ ሰከንድ ስለሚፈጅ ይህ መዘግየት አይጎዳም፡፡

መሣሪያውን መልሼ ስወስድላቸው አጎቴ በጥርጣሬ ተቀበሉኝ፡፡ ኤስን ደጋግመው መቱ፤ ኤች አንዴም አልወጣም፡፡ እጃቸውን አገላብጠው አዩና «በል፣ ፍጥነቱን ጨምርልኝ» አሉኝ፡፡