ከጭድ እስከ አውሮፕላን

ጎጆአችንን ለመምረግ ጭቃ ስናቦካ ጭድ እንጨምራለን። ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በየአቅጣጫው የተበተነው ጭድ ግን ስንጥቁ በየትም በኩል ቢመጣ ይገታዋል። የጥንት ግብፆችም ይህን ያውቁ ነበር፤ ፈርዖን ለእስራኤላውያን ጭድ መከልከሉን ኦሪት ዘጸአት ይተርካል።

ገመድ ክሮቹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ስለሚሄዱ ሲጎተት ይጸናል። እንጨትም በቁመቱ ብርቱ ነው፤ ነገር ግን በዚያው መስመር መጥረቢያ ሲያገኘው ይፈለጣል። ኮምፔርሳቶ በቀላሉ የማይፈለጠው ስስ ንጣፎቹ አንዱ በሌላው ላይ አግድም ተሻግረው ስለተጣበቁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 መብረር የጀመረው የእንግሊዞች «ሞስኪቶ» የጦር አውሮፕላን ቆዳው ከዚሁ ነበር።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን። ማበሩ መልካም ነው፤ አቀማመጡም ይታሰብበት። ከየአውራጃው ለመጣን ለእኛም አቅጣጫችን መለያየቱ፣ ከተጣበቅን፣ ድክመት አይደለም።