የአውቶማቲክ ካምቢዮ ፍጥነት ሴንሰር፦ የብልሽቱ ምልክቶችና በቤት የሚቀየርበት መንገድ

የጌዴኦ ዞን መቀመጫ የሆነችው ዲላ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚዘልቀው ዋና መንገድ ላይ ትገኛለች። ከዲላ ወደ ቡሌ ደጋ የሚወጣ አሽከርካሪ ዳገቱን በከባድ ማርሽ ይወጣል፤ ሲመለስም ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ ሳይሆን በማርሽ ጭምር ይዞ ይወርዳል። በእንዲህ ያለ መልክዓ ምድር የካምቢዮ ፍጥነት ሴንሰር መበላሸት ከምቾት አልፎ የደኅንነት ጉዳይ ነው።

የሴንሰሩ ሥራ

ሴንሰሩ በካምቢዮው አካል ላይ የሚሰካ አነስተኛ ዕቃ ነው። በካምቢዮው ውስጥ የሚሽከረከር ጥርስ በፊቱ ባለፈ ቁጥር የኤሌክትሪክ ምት ይሰጣል፤ የመኪናው ኮምፒውተርም ምቶቹን ቆጥሮ ማርሽ የሚቀየርበትን ጊዜ ይወስናል። ብዙ አውቶማቲክ መኪኖች ሁለት ሴንሰር አላቸው፤ አንዱ ወደ ካምቢዮው የሚገባውን፣ ሌላው ከካምቢዮው የሚወጣውን ፍጥነት ይለካል። በእጅ ማርሽ በሚነዱ መኪኖች ግን ብልሽቱ በአብዛኛው የሚያውከው የፍጥነት መቁጠሪያውን ነው።

ምልክቶቹ

የፍጥነት መቁጠሪያው መቆም ወይም መዝለል፣ ማርሽ ሲቀየር መንገጫገጭ፣ የሞተር መብራት በዳሽቦርዱ ላይ መብራት ዋናዎቹ ናቸው። ኮምፒውተሩ መረጃ ሲያጣ ካምቢዮውን ከጉዳት ለመጠበቅ በአንድ ማርሽ ብቻ እንዲሄድ ሊያደርግ ይችላል። ያኔ ዳገት ይከብዳል፤ በቁልቁለትም ማርሹ ከፍተኛ ከሆነ ሞተሩ መኪናውን ስለማይዝ ሸክሙ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ፍሬን ከመጠን በላይ ሲግል የመያዝ ኃይሉ ይደክማል። ስለዚህ ምልክቱ የታየበት መኪና ሳይጠገን ቁልቁለት ሊወርድ አይገባም።

በመመርመሪያ መሣሪያ ሲነበብ ፒ0715 የመግቢያውን፣ ፒ0720 የመውጫውን ሴንሰር መስመር ያመለክታል። ቁጥሩ ጠቋሚ እንጂ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም፤ የተቆረጠ ሽቦ ወይም ጭቃና ውኃ የገባበት ሶኬትም ያንኑ ቁጥር ያመጣል። በዝናብ ወራት ጭቃማ መንገድ የሚመላለስ መኪና ካለ፣ አዲስ ዕቃ ከመግዛት በፊት ሶኬቱን ነቅሎ ማድረቅና ሽቦውን መመልከት ወጪ ያድናል።

አቀያየሩ

መኪናው በደልዳላ ቦታ ይቆማል፤ የእጅ ፍሬን ይያዛል፤ ለጎማዎቹ ታኮ ይደረጋል። ሞተሩና ካምቢዮው እስኪቀዘቅዙ ይጠበቃል። ከሥር መግባት ካስፈለገ መኪናው በጠንካራ የብረት ድጋፍ ላይ ያርፋል። በክሪክ ብቻ ከተያዘ መኪና ሥር መግባት ሕይወት ያሳጣል፤ ድንጋይና ብሎኬትም ድጋፍ አይሆኑም።

ቀጥሎ የባትሪው ኔጋቲቭ ይፈታል። በሴንሰሩ ዙሪያ ያለው ጭቃና አቧራ በሚገባ ይጸዳል፤ ወደ ካምቢዮው የሚገባ አሸዋ ከሴንሰሩ የበለጠ ጉዳት ያደርሳል። የሶኬቱ መቆለፊያ ተጭኖ ይነቀላል እንጂ ሽቦው አይሳብም። ብዙ ጊዜ አንድ ብቻ የሆነው ቡሎን ይፈታል፤ ሴንሰሩም ግራና ቀኝ በቀስታ እየተወዛወዘ ይወጣል። ጥቂት ዘይት ሊፈስ ስለሚችል ከሥሩ ዕቃ ይቀመጣል።

አዲሱ ከአሮጌው ጋር በቁመት፣ በሶኬት ቅርጽና በመለያ ቁጥር ይነጻጸራል። የጎማ ቀለበቱ የካምቢዮ ዘይት ተቀብቶ በእጅ ይገባል፤ በመዶሻ አይመታም። ቡሎኑ ትንሽ ስለሆነና የካምቢዮው አካል ብዙውን ጊዜ አሉሚኒየም ስለሆነ ከመጠን በላይ ሲጠብቅ ጥርሱ ይበላል። በመጨረሻ ሶኬቱ ይሰካል፤ ባትሪው ይታሰራል።

ከተቀየረ በኋላ

የካምቢዮው ዘይት መጠን በመኪናው መመሪያ መሠረት ይታያል፤ የጎደለውም በመመሪያው በተጠቀሰው ዓይነት ይሞላል። የተመዘገበው ቁጥር በመመርመሪያው ከጠፋ በኋላ መኪናው በመጀመሪያ በሜዳማ መንገድ ይሞከራል። ማርሹ በሥርዓት መቀያየሩ፣ መብራቱ አለመመለሱና በሴንሰሩ ሥር ዘይት አለመፍሰሱ ሳይረጋገጥ ዳገትና ቁልቁለት አይኬድበትም።

ሴንሰራቸው በካምቢዮው ውስጥ የተቀመጠ መኪኖች አሉ፤ እነዚህን መቀየር ካምቢዮውን መክፈት ስለሚጠይቅ የቤት ሥራ አይደለም። አዲስ ሴንሰር ገብቶም ችግሩ ከቀጠለ፣ ወይም ዘይቱ ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ካለው፣ ብልሽቱ ከሴንሰሩ ውጭ ሊሆን ስለሚችል መኪናውን ለካምቢዮ ባለሙያ ማሳየት ይገባል።