በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት መሣሪያዎች፦ የላፕቶፕ ግራፊክስ ካርድ ዝርዝር መግለጫ ታሪክ

እ.ኤ.አ. በጥር ወር 2021 ኤንቪዲያ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ አር ቲ ኤክስ 3080 ብሎ የሰየመውን የላፕቶፕ ግራፊክስ ካርድ ለገበያ ባቀረበ ጊዜ፣ በዚሁ በአንዱ ስም የሚጠራው መሣሪያ እንደተገጠመበት ላፕቶፕ ዐይነት ከ80 ዋት እስከ 150 ዋት የሚደርስ ኃይል እንዲወስድ ተፈቅዶለት ነበር። የክሎክ ፍጥነቱም በዚያው ልክ ከ1245 እስከ 1710 ሜጋኸርዝ ይለያይ ነበር። በላፕቶፑ ላይ የተለጠፈው ምልክት ግን ያው አንድ ነው። ስለሆነም ባለ 80 ዋቱን የገዛውና ባለ 150 ዋቱን የገዛው ሁለት ሰዎች በአንድ ስም የሚጠራ ዕቃ ይዘው ወደየቤታቸው ይገቡ ነበር፤ ሥራው ሲጀመር ግን አንደኛው ከሌላኛው ወደ ኋላ ይቀራል።

እንዲህ ያለው ነገር በሌላ የምሕንድስና ዘርፍ ቢደርስ ተቀባይነት አያገኝም። በኤሌክትሪክ ሞተር ላይ የሚለጠፈው ሰሌዳ ኪሎዋቱን፣ ቮልቱን፣ አምፔሩንና በደቂቃ የሚዞረውን ዙር መግለጽ ትቶ የሞዴሉን ስም ብቻ ቢጽፍ፣ በዚያ ሰሌዳ ተማምኖ የውሃ ፓምፕ የሚመርጥ መሐንዲስ አይገኝም። ታዲያ በኮምፒዩተር ዓለም ይኸው ነገር እንደ ተራ ነገር ሊታይ የቻለው እንዴት ነው? መልሱ የሚገኘው ዝርዝር መግለጫው ከዓመት ወደ ዓመት እንዴት እንደተለወጠ በመከታተል ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አይ ቢ ኤም በ1981 የመጀመሪያውን የግል ኮምፒዩተሩን ሲያወጣ አብሮት የቀረበው ሲ ጂ ኤ የተባለው የቀለም ካርድ 16 ኪሎባይት ሜሞሪ ነበረው፤ በ320 በ200 ነጥብ 4 ቀለም፣ በ640 በ200 ነጥብ ደግሞ 2 ቀለም ብቻ ያሳይ ነበር። በ1987 የመጣው ቪ ጂ ኤ ሜሞሪውን ወደ 256 ኪሎባይት፣ ምስሉንም ወደ 640 በ480 ነጥብና ወደ 16 ቀለም ከፍ አደረገው። መግለጫው ይህን ያህል አጭር ነበር፤ አጭርም ቢሆን የሚያረካ ነበር። የሜሞሪው መጠን ከታወቀ የሚታየው ምስል ይታወቃልና። 640 በ480 ሲባዛ 307,200 ነጥብ ነው፤ 16 ቀለም ለመለየት ለእያንዳንዱ ነጥብ 4 ቢት ያስፈልጋል፤ ይህም 153,600 ባይት ሆኖ በ256 ኪሎባይት ውስጥ ይገባል። በ1988 ኮምፓክ ኤስ ኤል ቲ 286 የተባለውን ላፕቶፕ ሲያወጣም ገዥው ማወቅ የሚፈልገው ማያው የቪ ጂ ኤን ነጥቦች በሙሉ ማሳየት መቻሉን ነበር፤ ቀለሙ ግን ግራጫ ብቻ ነበር። በዚያ ዘመን የግራፊክስ ካርድ ዋና ተግባር ምስሉን ማከማቸትና ወደ ማያው መላክ እንጂ ማስላት አልነበረም። ዛሬም ብዙ ሰው ስለ ግራፊክስ ካርድ ሲነሣ አስቀድሞ «ስንት ጊጋ ነው?» ብሎ የሚጠይቀው ከዚያ ዘመን የተረፈ ልማድ ይመስላል።

ሁኔታው የተለወጠው የማስላቱ ሥራ ወደ ካርዱ በተዛወረ ጊዜ ነው። በ1999 ኤንቪዲያ 23 ሚሊዮን ትራንዚስተር የያዘውን ጂፎርስ 256 ሲያወጣ ጂ ፒ ዩ የሚለውን ስያሜ ለገበያው አስተዋወቀ። በሚቀጥለው ዓመት በኅዳር ወር ደግሞ ለላፕቶፕ የተዘጋጀውን ጂፎርስ 2 ጎ አስተዋወቀ። ይህ ቺፕ ለዴስክቶፕ ከተሠራው ጂፎርስ 2 ኤም ኤክስ የተወለደ ሲሆን፣ የዴስክቶፑ በ175 ሜጋኸርዝ ሲሠራ የላፕቶፑ በ143 ሜጋኸርዝ እንዲሠራ ተደርጎ ነበር። ልዩነቱን የሚፈጥረው ሙቀትና ባትሪ ነው። ሆኖም «ጎ» የሚለው ቅጽል ዕቃው ከዴስክቶፑ የተለየ መሆኑን በግልጽ ይናገር ስለነበር በዚህ ረገድ ኩባንያውን የሚወቅሰው አይኖርም።

ከ2006 ወዲህ በመግለጫው ላይ ሌላ ቁጥር ታከለ፤ ይኸውም የማስሊያ ኮሮች ብዛት ነው። በዚያ ዓመት በኅዳር የወጣው ጂፎርስ 8800 ጂ ቲ ኤክስ 128 ኮር ነበረው። በሚቀጥለው ዓመት ለላፕቶፕ የቀረበው 8600 ኤም ጂ ቲ 32 ኮር ይዞ መጣ። በዚህ ካርድ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ባይሆንም በጉልህ የታየው ጉድለት ግን ከኮሩ ሳይሆን ከሜሞሪው ነበር። በአንዱ በ8600 ኤም ጂ ቲ ስም ሁለት ዐይነት ሜሞሪ ያላቸው ካርዶች ይሸጡ ነበር፤ አንዱ ዲ ዲ አር 2፣ ሌላው ጂ ዲ ዲ አር 3። ሁለቱም 128 ቢት ስፋት ባለው መስመር፣ ማለትም በአንድ ጊዜ 16 ባይት እያስተላለፉ ይሠራሉ። የመጀመሪያው በሴኮንድ 800 ሚሊዮን ጊዜ ስለሚያስተላልፍ 12.8 ጊጋባይት ሲያደርስ፣ ሁለተኛው በ1400 ሚሊዮን ጊዜ 22.4 ጊጋባይት ያደርሳል። አንባቢ ልብ እንዲል የሚያስፈልገው፣ ዘገምተኛው ሜሞሪ ርካሽ ስለሆነ በዲ ዲ አር 2 ካርድ ላይ መጠኑን ማብዛት ለአምራቹ ቀላል መሆኑን ነው። ጊጋውን ብቻ የሚጠይቅ ገዥ ስለዚህ ደካማውን ካርድ እንደ ብርቱ ሊመርጥ ይችላል።

ይኸው የካርድ ትውልድ የላፕቶፕን ዋና ጠላት በተግባር አሳይቷል። በ2008 አጋማሽ ኤንቪዲያ በአንዳንድ የላፕቶፕ ቺፖቹ ላይ በተጠቀመበት የማሸጊያና የብየዳ ቁስ ድክመት የተነሣ ከ150 እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ወጪ በሒሳቡ እንደሚይዝ በይፋ አስታወቀ። ቺፑ በሥራ ጊዜ ይሞቃል፣ ሲዘጋ ይቀዘቅዛል፤ በዚህ መፈራረቅ ቺፑና ተሸካሚው በተለያየ መጠን ስለሚለጠጡና ስለሚኮማተሩ በመካከላቸው ያለው ብየዳ ቀስ በቀስ ይሰነጠቃል። የብረት ድካም ለሚያውቅ መካኒካል መሐንዲስ አዲስ ነገር አይደለም። ነገር ግን በመግለጫው ወረቀት ላይ ስለ ሙቀት አንድ መስመር እንኳ አልነበረም።

በ2012 የሆነው ደግሞ የስምን ነገር ይበልጥ አወሳሰበው። ጂ ቲ ኤክስ 675 ኤም እና ጂ ቲ ኤክስ 680 ኤም በስም ጎረቤት ናቸው፤ አንባቢም የታላቅና የታናሽ ያህል ቢቀራረቡ አይገርመውም። 675 ኤም ግን ባለፈው ዓመት ጂ ቲ ኤክስ 580 ኤም ይባል የነበረው የፌርሚ ትውልድ ቺፕ በአዲስ ስም የቀረበ ሲሆን 384 ኮር ነበረው፤ 680 ኤም በአንጻሩ የኬፕለር ትውልድ ሆኖ 1344 ኮር ይዟል። እዚህ ላይ ግን ተቃራኒ ስሕተት ውስጥ እንዳይገባ ያስፈልጋል። የፌርሚ ኮሮች ከቀሪው የቺፑ ክፍል በእጥፍ ፍጥነት ይሠሩ ስለነበር፣ 1344 ለ384 ተካፍሎ የሚገኘው ሦስት እጥፍ ተኩል ብልጫ በተግባር አልነበረም። የኮር ቁጥር የሚነጻጸረው በአንድ ትውልድ ውስጥ ብቻ ነው።

ወደ ዋናው ነገር ለመግባት አንድ የፊዚክስ ሕግ ማስታወስ ይገባል። ቺፕ በሥራ ላይ ሳለ የሚወስደው ኃይል ከክሎክ ፍጥነቱ ጋርና ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ተመጣጣኝ ነው። ፍጥነቱን ለመጨመር ቮልቴጁንም ከፍ ማድረግ ግድ ስለሚሆን ኃይሉ ከፍጥነቱ ይልቅ በጣም ፈጥኖ ያድጋል። ፍጥነትና ቮልቴጅ እያንዳንዳቸው በ20 በመቶ ቢቀነሱ፣ 0.8 ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 0.512 ስለሚሆን፣ ኃይሉ በግማሽ ያህል ይወርዳል። ይህ ለላፕቶፕ ሠሪዎች ትልቅ በረከት ነው። ከፍጥነቱ አንድ አምስተኛውን ሠውተው የማራገቢያውን፣ የመዳብ ቱቦውንና የቻርጀሩን ሸክም በግማሽ ያቃልላሉ። በረከቱ ግን የሚያስከትለው ነገር አለ፤ አንድ ቺፕ ከእንግዲህ አንድ ፍጥነት የለውም። ምን ያህል ዋት እንዲወስድ እንደተፈቀደለት ካልታወቀ ችሎታው አይታወቅም።

በ2015 መስከረም ኤንቪዲያ 2048 ኮር ያለውን የዴስክቶፕ ጂ ቲ ኤክስ 980 ሳይቀንስ በትልልቅ ላፕቶፖች ውስጥ አስገባ፤ እስከዚያ ድረስ የነበረው 980 ኤም 1536 ኮር ብቻ ነበረው። በ2016 በነሐሴ «ኤም» የሚለው ቅጽል ከጂ ቲ ኤክስ 1060፣ 1070 እና 1080 ላይ ጨርሶ ተነሣ። ሥራው ለምስጋና የሚበቃ ነበር። የላፕቶፑ 1080 እንደ ዴስክቶፑ 2560 ኮር ነበረው፤ 1070ው እንዲያውም ከዴስክቶፑ 1920 ኮር በልጦ 2048 ይዞ፣ በጥቂቱ በቀነሰ ፍጥነት ይሠራ ነበር። ለጥቂት ጊዜም ስሙና ዕቃው ተስማምተው ታዩ።

ስምምነቱ አንድ ዓመት እንኳ አልሞላም። በግንቦት 2017 ማክስ-ኪው የተባለው ዐይነት ታወጀ። ቃሉ የተወሰደው ከጠፈር ምሕንድስና ነው፤ ወደ ላይ የሚወነጨፍ ሮኬት በከባቢ አየር ውስጥ ከፍተኛው የአየር ግፊት የሚያርፍበትን ቅጽበት ያመለክታል። የጂ ቲ ኤክስ 1080 ማክስ-ኪው ኮሮች ያው 2560 ሲሆኑ፣ ኃይሉ ከ150 ዋት ወደ 90 እስከ 110 ዋት፣ መነሻ ፍጥነቱም ከ1556 ሜጋኸርዝ ወደ 1101 እስከ 1290 ሜጋኸርዝ ወርዶ ነበር። ስስ ላፕቶፕ ለመሥራት አስችሏልና ዘዴው በራሱ መጥፎ አልነበረም፤ ቅጽሉ እስካለ ድረስም ገዥው የሚገዛውን ያውቅ ነበር። የከፋው በርካሹ መደብ የሆነው ነው። በዚያው ዓመት የወጣው ኤም ኤክስ 150 በ25 ዋት በ1468 ሜጋኸርዝ የሚነሣ ካርድ ሲሆን፣ በ2018 አንዳንድ ስስ ላፕቶፖች ሲመረመሩ በውስጣቸው የተገኘው ኤም ኤክስ 150 በ10 ዋት የተገደበና በ937 ሜጋኸርዝ የሚነሣ ሆነ። የሚለይ ቅጽል አልነበረም፤ ዋጋ ቆጥቦ የሚገዛ ተማሪም ይህን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

ከዚህ በኋላ ነው የ2021 ነገር የመጣው። በአር ቲ ኤክስ 30 ተከታታይ ላይ ማክስ-ኪው ከካርዱ ስም ወጥቶ የቴክኒክ ዘዴዎች የጋራ መጠሪያ ሆነ። ከቅጽሉ ጋር የኃይሉ ምልክት አብሮ ጠፋ። የላፕቶፑ 3080 6144 ኮር ሲኖረው የዴስክቶፑ ደግሞ 8704 ኮርና 320 ዋት ነበረው፤ ስለዚህ ስሙ ከዴስክቶፑም፣ ከራሱ ከላፕቶፑ ወንድሞችም ጋር የማያገናኝ ሆነ። ቅሬታው በበዛ ጊዜ ኩባንያው በየካቲት 2021 ላፕቶፕ ሠሪዎች የካርዱን ዋትና ፍጥነት በምርት ገጻቸው ላይ እንዲገልጹ እንደሚጠይቅ አስታወቀ። ሞተሩ በመጨረሻ ሰሌዳውን አገኘ ማለት ነው፤ ምንም እንኳ ሰሌዳው የተለጠፈው ብዙ ጊዜ በገጹ ግርጌ፣ በትንንሽ ፊደል ቢሆንም።

እንግዲህ ይህን ሰሌዳ እንዴት ማንበብ እንደሚገባ ለማሳየት በ2023 የወጣውን አር ቲ ኤክስ 4060 መውሰድ ይቻላል። የላፕቶፑ መግለጫ 3072 ኮር፣ 8 ጊጋባይት ጂ ዲ ዲ አር 6 ሜሞሪ፣ 128 ቢት፣ ከ35 እስከ 115 ዋት፣ ከ1470 እስከ 2370 ሜጋኸርዝ ይላል። እያንዳንዱ ኮር በአንድ ምት ሁለት ስሌት ይሠራል ተብሎ ስለሚቆጠር፣ ኮሩ በሁለት፣ ከዚያም በፍጥነቱ ይባዛል። በዝቅተኛው 9.03 ትሪሊዮን፣ በከፍተኛው 14.56 ትሪሊዮን ስሌት በሴኮንድ ይገኛል። ልዩነቱ ከ60 በመቶ በላይ ነው። የሕንፃ ሦስት አቅጣጫ ምስል በዚህ ካርድ የሚያዘጋጅ አርክቴክት፣ በአንዱ ላፕቶፕ አንድ ሰዓት የሚፈጅበት ሥራ በሌላው ላፕቶፕ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ሊወስድበት ይችላል።

በከፍተኛው መደብ ከዴስክቶፑ ጋር ያለው ርቀት እየሰፋ ሄዷል። አር ቲ ኤክስ 4090 በላፕቶፕ 9728 ኮር፣ 16 ጊጋባይትና እስከ 150 ዋት ሲሆን በዴስክቶፕ 16,384 ኮር፣ 24 ጊጋባይትና 450 ዋት ነው። በ2025 በወጣው አር ቲ ኤክስ 5090 ደግሞ 10,496 ኮርና እስከ 150 ዋት በላፕቶፕ፣ 21,760 ኮርና 575 ዋት በዴስክቶፕ ሆነ። የላፕቶፑ ዋት ሊያድግ ያልቻለው ከሁለትና ሦስት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ውስጥ አውጥቶ ሊጥለው የሚችለው ሙቀት ስለማያድግ ነው።

ዘመድ ከውጭ ሲመጣ ላፕቶፕ ይዞለት እንዲመጣ የሚያዝ ሰው ብዙ ጊዜ በወረቀት ጽፎ የሚልከው የካርዱን ስም ብቻ ነው፤ ከስሙ አጠገብ ዋቱን ቢጽፍ የተሻለ ነው። ዕቃው አስቀድሞ በእጁ የገባ እንደሆነ፣ በኩባንያው የመቆጣጠሪያ ፕሮግራም ውስጥ ባለው የሲስተም መረጃ ገጽ ላይ ለካርዱ የተፈቀደለትን ከፍተኛ ዋት ማየት ይችላል፤ ቻርጀሩ መሰካቱን ግን አስቀድሞ ያረጋግጥ፣ በባትሪ ላይ ካርዱ ያን ያህል ኃይል አይሰጠውምና።