የጠገራ ብር ጥንካሬ ከየት መጣ?

ዛሬ በየካ አባዶ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ውስጥ ከአያቱ የወረሰውን ጠገራ ብር በሣጥን ያኖረ ሰው ቢኖር፣ በእጁ ያለው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የብረታ ብረት ሳይንስ ምስክር ጭምር ነው። አባቶቻችን ጠገራን ሲቀበሉ የንግሥት ማሪያ ቴሬዛን ምስል አገላብጠው ያዩ፣ የዘውዷንና የትከሻ ጌጧን ነቁጦች ይቈጥሩ ነበር። ነቁጡ የጠፋ ገንዘብ ተቀባይነቱ ያጠራጥር ስለነበር፣ የገበያው እምነት በብረቱ ጥንካሬ ላይ ያረፈ ነበር።

እ.ኤ.አ. የ1780 ዓመት የተቀረጸበት ይህ ገንዘብ ክብደቱ 28 ግራም ያህል ሲሆን፣ ከ1000 እጁ 833ቱ ብር፣ የቀረው መዳብ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. በፓሪስ ያስቀረጹት ብርም 835 እጅ ንጥረት ነበረው። በንጹሕ ብር ያልተሠሩት ስለ ምንድን ነው?

የብር አቶም 47፣ የመዳብ ደግሞ 29 ኤሌክትሮኖች አሉት። በሁለቱም ዘንድ ከሞላው ውስጣዊ ንብርብር ውጭ አንድ ኤሌክትሮን ብቻ ይገኛል፤ እርሱም በብረቱ ሁሉ ይዘዋወራል። ማያያዣው ኃይል ወደ አንድ አቅጣጫ ስለማያዘነብል፣ የንጹሕ ብር አቶሞች ረድፎች በቀላሉ ይንሸራተታሉ። መዳብ ግን ንብርብሩ በአንድ ስለሚያንስ አቶሙ በ12 በመቶ ገደማ ይጠባል። የነጻ ኤሌክትሮኖቹ መጠን ባይለወጥም፣ ይህ የስፋት ልዩነት ረድፎቹን ያዛባል። ከ779 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ጠጣር ብር ብዙ መዳብ ስለማይቀበል፣ ትርፉ ተለይቶ ደቃቅ እንቅፋት ይሆናል፤ መንሸራተቱም ይገታል።

በወለጋ ዩብዶ የሚገኘው ፕላቲን ግን ውስጣዊ ንብርብሩ ስላልሞላ፣ እነዚያ ኤሌክትሮኖችም በማያያዙ ሥራ ይተባበራሉ። ብር በ962 ዲግሪ ሲቀልጥ ፕላቲን 1768 ዲግሪ የሚጠይቀው በአብዛኛው ከዚህ የተነሣ ነው።

ኤሌክትሮን የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1897፣ የረድፎች መንሸራተት የተብራራው በ1934 ነው። ይሁን እንጂ ጠገራን አቅልጠው መስቀልና ድሪ የሠሩ አንጥረኞቻችን የቅይጡን ጠባይ አስቀድመው በመዶሻቸው ያውቁት ነበር። እንግዲህ የጥንት መስቀል የሚጠግን ባለሙያ ንጹሕ ብር ይሻላል ብሎ ቢጨምርበት፣ የጠገነው ክፍል ከቀረው ይልቅ ለስላሳ ይሆንበታል። የመዳቡ ድርሻ ጉድለት ሳይሆን የሥራው አካል መሆኑን ማወቅ ቅርሱን ከመጠበቅ ተለይቶ አይታይም።